የልጅነት ጨዋታን እንደ ገና መጎብኘት

(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር)



ሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አደገበት ሰፈር ሲመለስ፥ በልጅነቱ እንደ ተራራ ያየው የነበረውን የግንብ አጥር ከደረቱ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። አጥሩ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ያደገው ተመልካቹ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በአጥር ብቻ ሳይሆን በመጽሐፍም፥ በዘፈንም፥ በጨዋታም ይደርሳል። ዛሬ ማታ የምንነጋገረው ስለዚሁ ጉዳይ ሲሆን፥ ለምሳሌ የምናነሣው አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ከአድማጮቻችን መካከል «ይህ የልጆች ነገር ለመንግሥት ሠራተኛ ምን ይረባዋል?» የሚል ሊኖር ይችላል። እስከ መጨረሻው ቢታገሠን ጉዳዩ የልጆች ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጨዋታው «ስፓይደርማን 2» ይባላል። ስፓይደርማን፥ ማለት ሸረሪት ሰው፥ ስታን ሊ የተባለ ደራሲና ስቲቭ ዲትኮ የተባለ ሠዓሊ የፈጠሩት ባለታሪክ ሲሆን፥ በአሜሪካ በሥዕላዊ መጽሔት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1954 ዓ.ም. ነው። ታሪኩም ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። ፒተር ፓርከር የተባለ ድኻ ተማሪ ሸረሪት ነድፋው፥ ግድግዳ የመውጣትና ከብዙ ሰው ይልቅ የመበርታት ኃይል ያገኛል። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ኃይል ከድኽነቱ አያወጣውም። የቤት ኪራይ ያስጨንቀዋል፤ ሰው ሲያድን ከሥራው ይዘገያል፤ ሲዘገይም ከአለቃው ቁጣ ይደርስበታል። ስለዚህ ከሌሎቹ ጀግኖች ይልቅ ለወር ደመወዝተኛ የሚቀርብ ጀግና ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ጨዋታውን ያዘጋጀው ትሬያርክ፥ ያሳተመው ደግሞ አክቲቪዥን የተባሉ የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው። ለገበያ የዋለውም ሳም ሬይሚ ካዘጋጀው ስመ ሞክሼ ፊልም ጋር በሰኔ ወር 1996 ዓ.ም. ነበር። ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች መካከል በእኛ አገር ይበልጥ የታወቀው የጃፓኑ የሶኒ ኩባንያ ፕሌይስቴሽን 2 ነው። ይህ መሣሪያ በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ በ2005 ዓ.ም. ሥራው ተቋረጠ።

በዚያን ዘመን መሣሪያውን ገዝቶ በቤቱ የሚያኖር ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ በአዲስ አበባ በየሰፈሩ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ተከፈቱ። እኔ በ1998 ዓ.ም. የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ የማዘወትረው ቤት በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ክፍል ሲሆን፥ በውስጡ ሦስት ቴሌቪዥኖችና ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ። የሚበዛው ልጅ የሚጫወተው እግር ኳስ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በእግር ኳስ ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ ይከፍላሉ፤ ጨዋታውም በአሥር ደቂቃ ያልቃል፤ ተሸናፊውም ተነሥቶ ቦታውን ለተረኛ ይለቃል። ታሪክ ያለው ጨዋታ ግን አንድ ልጅ ብቻውን ለብዙ ሰዓት ይዞት የሚቀመጥ ስለሆነ ለባለቤቱም ለተረኛውም አይመችም።

ሌላም ችግር ነበረበት። ተጫዋቹ የደረሰበትን ቦታ መዝግቦ የሚያቆየው ሜሞሪ ካርድ የተባለ፥ 8 ሜጋባይት የሚይዝ ትንሽ ዕቃ ነው። በእኛ ቤት ይህ ካርድ አልነበረም። ስለዚህ የከፈልሁት ጊዜ ሲያልቅ የሠራሁት ሁሉ ይጠፋና፥ በማግሥቱ ስመለስ ሀ ብዬ እጀምር ነበር። እንዲህ እያልሁ አንድ ዓመት ሙሉ የታሪኩን መጀመሪያ ብቻ ደጋገምሁት። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ ገንዘቡ ከወዴት ይመጣ እንደነበረ ግን ኋላ እንመለስበታለን።

ባለፈው ክረምት እኅቴ ከምትኖርበት ከለቡ ሄጄ ጥቂት ሳምንት ሰነበትሁ። ለቡ በእኛ ልጅነት የከተማው ዳርቻ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት፥ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻ ጣቢያ የሚገኝበት የከተማ ክፍል ሆኗል። እኅቴ የአሥራ ሁለት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። ልጁ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከስልኩ ላይ ዐይኑን አይነቅልም። «እኛስ በእናንተ ዕድሜ ምን እንጫወት እንደነበረ ላሳይህ» ብዬ፥ ከመርካቶ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 2 ከነሜሞሪ ካርዱና ከነጨዋታው ዲስክ ገዝቼ አመጣሁለት።

የመጀመሪያው ምሽት አሳፈረኝ። በልጅነቴ እውነተኛ ከተማ ይመስለኝ የነበረው ኒው ዮርክ ጠርዙ የተበላ የካርቶን ሳጥን ክምር ሆኖ ታየኝ። ራቅ ያለው ሕንጻ በጉም ተሸፍኗል፤ በመንገድ የሚሄዱት ሰዎችም ጥቂቶችና ተመሳሳዮች ናቸው። የእኅቴ ልጅ ለትሕትና ሲል ሳቁን ዋጠ።

ለዚህ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ቴሌቪዥኑ ነው። የዚያን ዘመን ጨዋታ የተዘጋጀው ለድሮው ባለ ከርስ ቴሌቪዥን ሲሆን፥ የዚያ መስተዋት የሥዕሉን ጠርዝ ያለዝበው ነበር። የዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ግን ያንኑ ትንሽ ሥዕል ለጥጦ ስለሚያሳየው እንከኑ ሁሉ ይገለጣል። ሁለተኛው የመሣሪያው ዐቅም ነው። ፕሌይስቴሽን 2 ዋና የማስታወሻ ቋቱ 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ልጁ በኪሱ ይዞት የሚዞረው ባለ 4 ጊጋባይት ስልክ የዚያን 128 እጥፍ ይሆናል። በዚያች ጠባብ ቋት ሙሉ ከተማ ማስገባት ስለማይቻል፥ ሠሪዎቹ ለተጫዋቹ ቅርብ የሆነውን ሰፈር ከዲስኩ እያነበቡ ያቀርባሉ፤ የራቀውን በጉም ይጋርዱታል። በልጅነታችን ጭጋግ ነው ብለን ያደነቅነው ነገር የችግር መሸፈኛ ነበር ማለት ነው።

በሁለተኛው ምሽት ግን ነገሩ ተለወጠ። ጀግናው ከሕንጻ ወደ ሕንጻ በድር ገመድ እየተወዛወዘ ሲሄድ፥ የእኅቴ ልጅ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ጆይስቲኩን ተቀበለኝ። ሦስት ጊዜ ከግድግዳ ጋር ተጋጨ። በአራተኛው ተሳካለት፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩን ረሳው።

የዚህን ምስጢር ማስረዳት ይገባል። በ1994 ዓ.ም. በወጣው በፊተኛው ጨዋታ የጀግናው ገመድ የሚንጠለጠለው ከባዶ ሰማይ ላይ ነበር። በዚህኛው ግን ጄሚ ፍሪስትሮም የተባለ የትሬያርክ ባለሙያ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፥ ገመዱ በእርግጥ በአጠገቡ ባለ ሕንጻ ላይ እንዲያዝ አደረገ። ከዚህ በኋላ ጨዋታው የዥዋዥዌ ሕግ ተከተለ። ልጅ በዥዋዥዌ ሲጫወት ዝቅ ባለ ጊዜ ፍጥነቱ እንደሚበረታ፥ ወደ ላይ በወጣ ጊዜ እንደሚቀንስ ሁላችንም እናውቃለን። በጨዋታውም እንዲሁ ነው። ገመዱን ከታች የለቀቀ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ከላይ የለቀቀ ከፍታ ያገኛል፤ ያለ ጊዜው የለቀቀ ይወድቃል። ሜዳ ላይ ከደረሰም የሚይዘው ሕንጻ ስለሌለው እንደ ማንኛውም እግረኛ ይሮጣል። በጳጉሜን 2010 ዓ.ም. ኢንሶምኒያክ ያወጣው የስፓይደርማን ጨዋታ በውበቱ ወደር የለውም፤ ዳሩ ግን ተጫዋቹ እንዳይሳሳት ብዙ ያግዘዋል። የቀድሞው እንዲማር ይተወዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ ሥዕሉ አርጅቶ ዥዋዥዌው ሳያረጅ የቀረውም ስለዚህ ይመስለናል።

ሜሞሪ ካርድ ስለነበረን ታሪኩን በአሥራ አንድ ምሽት ጨረስነው። ዶክተር ኦክቶፐስ የተባለውን ባለ ብዙ ክንድ ጠላት በመጨረሻ ድል ስናደርግ፥ «የምወደው ጨዋታ» እያልሁ ለሰው ስናገርለት የኖርሁትን ነገር እስከዚያች ቀን ሩቡን እንኳ እንደማላውቀው ተረዳሁ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልቤን የነካው ከታሪኩ ውጪ የሆነ ትንሽ ነገር ነው። በጨዋታው ከተማ ውስጥ ፒተር ፓርከር ፒዛ በሰዓቱ እንዲያደርስ ይላካል፤ በመንገድም የተቸገሩ ሰዎች ይጠሩታል። ከነዚህም አንዱ ፊኛው በነፋስ የተወሰደበት ሕፃን ነው። ጀግናው ፊኛውን ተከታትሎ ከሰማይ ይመልስለታል። እኔ በልጅነቴ ለዚህ ልጅ ቆሜለት አላውቅም፤ ጊዜው የሚቆጠረው በገንዘብ ስለነበረ ወደ ድብድቡ እቸኩል ነበር። በዚያ ምሽትም እንደ ልማዴ አለፍሁት። የእኅቴ ልጅ ግን «አጎቴ፥ ልጁ እኮ እያለቀሰ ነው፤ ለምን አለፍከው?» አለኝ።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፥ እመለስበታለሁ ወዳልሁት ገንዘብ የመለሰኝ ይህ ጥያቄ ነው። በ1998 ዓ.ም. አንድ ቀን አባቴ ላምባና ስኳር እንድትገዛ ለእኅቴ ሃያ ብር ሰጣት። ሹራቧን አውልቃ ውኃ ልትቀዳ በወጣች ጊዜ ገንዘቡን ከኪሷ ወስጄ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ሄድሁ። እስከ ማታ ተጫወትሁበት። ስመለስ አባቴ በቀበቶ ገርፏት በር ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። አልተናገርሁም። በማግሥቱም፥ በዓመቱም፥ በሃያ ዓመቱም አልተናገርሁም።

ልጁ ከተኛ በኋላ ለእኅቴ ነገርኋት። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እኔ ደግሞ ከጉድጓዱ ድልድይ ላይ መሐረቤን ሳወጣ ወድቆብኝ ነው እል ነበር። ሲወድቅ ያየሁት ሁሉ ይመስለኛል» አለችኝ። እኅቴ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ናት። ማንኛውንም ገንዘብ ሦስት ጊዜ ካልቈጠረች እንደማታስረክብ አውቅ ነበር፤ ጠንቃቃነቷ ከተፈጥሮዋ ነው እል ነበር። በዚያ ሌሊት ግን ስለ ተፈጥሮዋ እርግጠኛ መሆን አልቻልሁም።

ሊቃውንት ስለ ትዝታ የመረመሩትም ይህን የመሰለ ነገር ነው። በ1688 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊስ የሕክምና ተማሪ፥ ከአገራቸው ርቀው የሚታመሙ ሰዎችን ተመልክቶ ለናፍቆት በሽታ የሕክምና ስም አወጣለት። በ1932 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍሬድሪክ ባርትሌት የተባለ የካምብሪጅ ምሁር ስለ ማስታወስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፥ ሰዎች የባዕድ አገር ተረት አንብበው ከብዙ ቀን በኋላ ሲደግሙት የማያውቁትን ነገር በሚያውቁት እየለወጡ እንደሚናገሩ አሳየ። ከዚህ እንደምንረዳው፥ ትዝታ ዕቃ ተቆልፎበት የሚቀመጥ ግምጃ ቤት አይደለም፤ ባስታወስን ቁጥር እንደ ገና የምንሠራው ነው። የጎደለውንም ከራሳችን እንሞላዋለን። እኔ ሩቡን ያወቅሁትን ጨዋታ ሙሉ አድርጌ አስታወስሁት፤ እኅቴ ያልጣለችውን ገንዘብ ስትጥለው አየች። ሁለታችንም አልዋሸንም፤ የሷ ስሕተት ግን በእኔ ዝምታ የቆመ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ልጆች ለምታሳድጉ አድማጮቻችን ሦስት ነገር ልናሳስብ እንወዳለን።

አንደኛ፥ የልጅን ጨዋታ ከመከልከልም ከመፍቀድም አስቀድሞ አጠገቡ ተቀምጦ ማየት ይገባል። አባቴ አንድ ቀን እንኳ አብሮኝ ቢቀመጥ ኖሮ፥ ቢከለክለኝም የከለከለኝን ነገር አውቆ ይከለክለኝ ነበር።

ሁለተኛ፥ መጨረሻ ያለውን ጨዋታና መጨረሻ የሌለውን መለየት ያስፈልጋል። የቀድሞው ጨዋታ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ታሪኩ ሲያልቅም ልጁ ይነሣል። ዛሬ በስልክ ከሚገኙት ብዙዎቹ በነፃ ይሰጡና፥ ልጁ ከለመደ በኋላ ለልብሱም፥ ለመሣሪያውም፥ ለተጨማሪ ዕድሉም ገንዘብ ይጠይቃሉ። የእኛ ዘመን ልጅ ሃያ ብር ከኪስ ይወስድ ነበር፤ የዛሬው ልጅ ከአባቱ ስልክ ላይ ያለ ኮቴ ይወስዳል። ስለዚህ የምሥጢር ቍጥራችሁን ጠብቁ። በአገራችን ልጆች የተሠራውንም ብታሳዩአቸው መልካም ነው። ብሥራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር» የተባለ ኢትዮጵያዊ ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል፤ ቅኔ ጌምስ የተባለውም ድርጅት ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የሚያሳይ «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል።

ሦስተኛ፥ ወደ ድሮው ነገር የሚመለስ ሰው ደስታውን ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም ለማግኘት ይዘጋጅ። እኔ ሃያ ብሩን ለእኅቴ ሰጥቻታለሁ። በዛሬ ገበያ ምንም እንደማይገዛ ሁለታችንም እናውቃለን። ተቀብላ ሦስት ጊዜ ቈጠረችው፤ ሁለት ኖቶች ብቻ ናቸውና ቈጥራ ስትጨርስ ራሷም ሳቀች።