የእማዬ ጓሮና የረሳሁት ነገር



ክረምት ሲመጣ ጓሯችሁን ለማልማት የምታስቡ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔም አምና ሰኔ ላይ ለገጣፎ ያለውን የእማዬን ጓሮ አብሬያት አቀድኩ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኘውን ጥግ መረጥን። መደቡን ከሁለቱም በኩል እጅ እንዲደርስበት ወርዱን 1 ሜትር፣ ርዝመቱን 3 ሜትር አደረግነው። ከመጸዳጃ ጉድጓዱም አራቅነው። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ብቻ ተጠቀምን፤ ጥሬው ጀርም ይዞ ይመጣልና።

ሁሉን ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ነገር ግን ረሳሁ፦ የሚበላው ማን እንደሆነ!

እማዬ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ አላት፤ ደም እንዳይረጋባት ዋርፋሪን ትወስዳለች። እኛ ደግሞ መደቡን በሙሉ ጎመንና ቆስጣ ሞላነው። ነሐሴ ላይ ጎመኑ ደረሰ፣ ፍልሰታም ገባ። ድሮ በሳምንት አንዴ ገዝታ የምትሠራውን ጎመን በየቀኑ መብላት ጀመረች። ለክትትል ስትሄድ አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን ሲገባው 1.4 ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቷን አንድም ቀን አልዘለለችም! በዚሁ ብትቀጥል ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችል ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጊዜ ተደረሰበት።

"ከገዛ ጓሮዬ የቀጠፍኩት እንዴት ይጎዳኛል?" አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ጎመን መርዝ አይደለም። ነገር ግን አረንጓዴ ቅጠሎች በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ናቸው፤ ዋርፋሪን ደግሞ የሚሠራው የዚህን ቫይታሚን ሥራ በመግታት ነው። ችግሩ ድንገት መብዛቱ ነው። ጥፋቱም የኔ ነው፤ ልጇም ሐኪምም ሆኜ አልጠየቅኳትም።

ዘንድሮ እንዲህ አቀድን፦

✅ ግማሹን መደብ ካሮትና ቀይ ሥር አደረግነው። ቫይታሚን ኬያቸው ከቅጠላ ቅጠል በጣም ያነሰ ነው።
✅ ቆስጣውን በአንድ ጊዜ አልዘራንም፤ በየሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እንዘራለን። አንዴ ደርሶ "እንዳይበላሽ እንብላው" እንዳንል ነው።
✅ ጎመኑን ከታች ከታች እየቀነጠብን፣ እማዬ በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን ትበላለች። የተረፈው ለጎረቤት!

❌ ዋርፋሪን የምትወስዱ፣ ይህን አንብባችሁ ጎመን እርግፍ አድርጋችሁ እንዳትተዉ። ድንገት ማቆምም ደም ከልክ በላይ ያቀጥናል፣ መድማት ያመጣል። የመድኃኒቱን መጠንም በራሳችሁ አትቀይሩ። ጾም ሲገባም ሆነ ጓሮው ሲደርስ፣ አመጋገባችሁ ሊቀየር መሆኑን አስቀድማችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ምርመራው ቶሎ እንዲደገም ሊያዝላችሁ ይችላል።

ስለዚህ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ቤተሰባችሁን "ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ካወቃችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም ክረምት! 🥬