ከፍታ፣ ነፋስና የዝናብ ወቅት፦ ለአየር ንብረት ትምህርት አሰጣጥ የሚረዳ ማብራሪያ

በአገራችን ትምህርት ቤቶች የአየር ንብረት ትምህርት ሲሰጥ በቅድሚያ የሚጠቀሰው የቆላ፣ የወይና ደጋና የደጋ ክፍፍል ነው። ይህ አከፋፈል ገበሬው በዘመናት ልምድ ያዳበረው ከመሆኑም በላይ በሳይንስ ረገድ የጸና መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ክፍፍሉ በዋናነት የሚገልጸው ሙቀትን እንጂ ዝናብን አይደለም። ሁለቱ ሳይለዩ ሲቀሩ የተማሪው ግንዛቤ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ዕቅዱም ይዛባል።

ሀ. ከፍታና ሙቀት

ፀሐይ በቅድሚያ የምታሞቀው ምድርን ሲሆን፣ አየሩ በአብዛኛው የሚሞቀው ከምድር በሚያገኘው ሙቀት ነው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ይስፋፋል፤ ሲስፋፋም ይቀዘቅዛል። ስለሆነም ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሙቀቱ መጠን በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ጋቢውን የሚያወልቀው፣ ደጀን ሲደርስም መልሶ የሚደርበው በዚሁ ምክንያት ነው። በአምባው ላይ ጤፍና ስንዴ ያየ ተጓዥ በሸለቆው ውስጥ ማሽላ ያገኛል።

ለ. ነፋስና ዝናብ

ጎሬ፣ ሐረርና ያቤሎ ከባሕር ጠለል በላይ ያላቸው ከፍታ ከ1,800 እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሦስቱም ወይና ደጋ ናቸው። የዝናባቸው ሁኔታ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ በቅድሚያ የሚገጥመው የጎሬን ተራሮች ነው። አየሩ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የተሸከመው እንፋሎትም ወደ ዝናብ ይለወጣል። በመሆኑም ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። ነፋሱ የምዕራቡንና የመካከለኛውን ደጋ አቋርጦ ሐረር ሲደርስ አብዛኛውን እርጥበት አራግፎ ስለሆነ፣ የሐረር ዝናብ የጎሬን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

የያቤሎ ልዩነት በመጠን ብቻ ሳይሆን በወቅትም ጭምር ነው። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው በጥቅምት አካባቢ ይጥላል፤ የእርጥበቱም ምንጭ በአብዛኛው የህንድ ውቅያኖስ ነው። ሰሜኑና መካከለኛው አገር በክረምት ዝናብ በሚርስበት በሐምሌና በነሐሴ፣ የያቤሎ ሰማይ ቢደምንም ዝናቡ እምብዛም ነው።

ሐ. ለትምህርት ሥራ ያለው ትርጉም

«ክረምት የዝናብ ወቅት ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለጎጃም ልጅ እውነት ሲሆን፣ ለቦረና ልጅ ግን በዓይኑ የሚያየውን የሚቃረን ነው። ልጁ ፈተና ለማለፍ ሲል የማያየውን መመለስ ይለምዳል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የወቅት አቆጣጠሩ ነው። ረጅሙ ዕረፍት ከደጋው ክረምት ጋር ሲገጥም፣ በቦረና ቤተሰብ ከብቱን ይዞ ሣርና ውሃ ፍለጋ የሚርቅበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው በጋ በትምህርቱ ጊዜ ላይ ይወድቃል። ከክፍል የሚጎድለው ልጅ ሁልጊዜ ቸልተኛ ነው ማለት አይደለም።

ስለዚህ የዕቅድ ባለሙያዎች የትምህርት ጊዜን ሲወስኑ የከፍታን ካርታ ብቻ ሳይሆን የዝናብን ወራት መመልከት ይገባቸዋል። መምህራንም ከፍ ያለ ወጪ ሳያስፈልጋቸው ሥራውን ሊጀምሩ ይችላሉ። አፉና ታችኛው ክፍሉ እኩል ስፋት ያለው ቆርቆሮ ከዛፍና ከጣራ አርቆ ማስቀመጥ፣ የተጠራቀመውን ውሃ በየማለዳው በማስመሪያ ለክቶ መመዝገብና ቆርቆሮውን መድፋት በቂ ነው። ዓመቱ ሲፈጸም ተማሪዎቹ የራሳቸውን አካባቢ የዝናብ ወቅት ከመጽሐፉ ሳይሆን ከራሳቸው መዝገብ ያነባሉ።