ራውተር ሳይገዙ ራውተር መማር

መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በአንድ ጊዜ ጸጥ ማለታቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ዳታው ያለቀበት መስሎት ስልኩን እያጠፋ ያበራ ሰው ጥቂት አልነበረም። አገልግሎቱ የተመለሰው ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ኩባንያው በኋላ እንዳስረዳው፣ መነሻው በጥገና ሥራ ላይ የተሰጠ አንድ ትዕዛዝ ነበር። ትዕዛዙ የዳታ ማዕከላቱን የሚያገናኘውን ዋና መስመር በሙሉ አቋረጠው። እንዲህ ያለውን ስህተት እንዲያስቆም የተሠራው ፕሮግራምም ጉድለት ነበረበትና ዝም ብሎ አሳለፈው።

ታዲያ ኔትወርክ የሚማር ልጅ ስህተቱን የት ይሥራው? ሥራ ቦታ ላይ አይሞከርም። እውነተኛ ራውተር ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ ደግሞ ለአብዛኛው ተማሪ የማይታሰብ ነው፤ አንዱ ብቻውን ምንም አያደርግም፣ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል። መልሱ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ላብ ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ኔትወርክ ላይ የምንሠራ ሰዎች በየጊዜው የምንሰማው ጥያቄ የሚመጣው፦ «ወንድሜ፣ የሲስኮ ኢሜጅ አለህ?»

ኢሜጅ ማለት ምንድን ነው?

ፎቶ አይደለም። ራውተር ራሱ ኮምፒውተር ነው፤ ፕሮሰሰር አለው፣ ሜሞሪ አለው፣ ልክ ስልካችሁ አንድሮይድ እንዳለው የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለው። ኢሜጅ የምንለው ይህ ሲስተም በሙሉ ተጠቅልሎ የተቀመጠበትን ፋይል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ክሪስቶፍ ፊሎ የተባለ ፈረንሳዊ «ዳይናሚፕስ» የሚባል ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። ፕሮግራሙ በተራ ኮምፒውተር ውስጥ የሲስኮን ራውተር ሃርድዌር ያስመስላል፤ ኢሜጁም እውነተኛ ራውተር ላይ የተጫነ ይመስለዋል። በኋላ የመጣው ጂኤንኤስ3 ሥራውን በማውስ እየጎተቱ የሚሠሩት አደረገው። ፓኬት ትሬሰር ግን ከዚህ ይለያል። እሱ ውስጥ እውነተኛው ሲስተም የለም፤ የራውተሩን ጠባይ ብቻ ነው የሚያስመስለው። ስለዚህ ያልተሠራለትን ትዕዛዝ ብትጽፉለት አያውቀውም። ለጀማሪ ግን በቂ ነው፤ በሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ተመዝግቦ በነፃ ማውረድም ይቻላል።

ችግሩ ጂኤንኤስ3 ባዶውን መምጣቱ ነው። የሲስኮ ኢሜጅ የሲስኮ ንብረት ስለሆነ አብሮ አይታደልም። ይህን ጊዜ አብዛኛው ልጅ ወደ ቴሌግራም ይሮጣል።

የቴሌግራሙ ፋይል

ነገሩ «ሁሉም ይጠቀማል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አንደኛ፣ በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ካላቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ሁለተኛው ለእኔ ይበልጥ ያሳስበኛል፦ ፋይሉን ማን እንደነካካው አታውቁም።

ይህ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 «ሲንፉል ኖክ» የተባለ ጥቃት ይፋ ሆኖ ነበር። አጥቂዎቹ የራውተሩን ኢሜጅ ለውጠው ውስጡ ሚስጥራዊ በር ሠርተዋል። ራውተሩ እንደ ወትሮው ይሠራል፤ በዩክሬን፣ በፊሊፒንስ፣ በሜክሲኮና በህንድ እንዲህ የተነካኩ ራውተሮች ተገኝተዋል። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ኢሜጅ ላፕቶፕ ላይ ባለ ዝግ ላብ ውስጥ ቢሠራ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ይበልጥ የሚያስፈራው «ሁሉም ነገር ያለበት» ተብሎ ከነክራኩ የሚመጣው ጥቅል ነው፤ እሱ ላፕቶፓችሁ ላይ በሙሉ ፈቃድ ይሠራል። ከዚያም የባሰ አለ፦ ልማዱ። ዛሬ ከማንም የመጣ ፋይል የጫነ ልጅ፣ ነገ የባንክ ወይም የሆስፒታል ራውተር ሲሰጠውም ያንኑ ያደርጋል።

ለዚህ ነው የፋይሉን የጣት አሻራ ማየት ከመጀመሪያው ላብ ጀምሮ መለመድ ያለበት። አምራቾች ከፋይሉ ጋር ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ያወጣሉ፤ «ሃሽ» ይባላል። ዊንዶውስ ላይ «ሰርትዩቲል» በሚባለው ትዕዛዝ ያወረዳችሁትን ፋይል ሃሽ አውጥታችሁ ከአምራቹ ገጽ ጋር ታስተያያላችሁ። አንዲት ፊደል ከተለየች ፋይሉ ይጣላል፤ በቃ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ነፃና ሕጋዊ አማራጭ ሞልቶ ሳለ የተሰረቀ ፋይል መፈለግ እንደዚያው ነው። ሲስኮ ራሱ ሞዴሊንግ ላብስ የተባለውን ፕሮግራሙን እስከ አምስት መሣሪያ ድረስ በነፃ ለቋል። ሚክሮቲክ «ሲኤችአር» የተባለ ኢሜጅ አለው፤ ያለ ክፍያ ሲሠራ ፍጥነቱ በእያንዳንዱ በር 1 ሜጋቢት ላይ ይገደባል፤ ለመማር ግን ፍጥነት ምን ያደርጋል? ኖኪያ ኤስአር ሊኑክስን ያለ ምዝገባ ያወርዱታል። ላፕቶፑ ደከም ያለ ከሆነ ደግሞ ኤፍአርአር አለ፤ ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ክፍት ሶፍትዌር ነው፣ ሜሞሪም ብዙ አይበላም።

«ሥራ ማስታወቂያው ግን ሲስኮ ነው የሚለው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ትዕዛዙ ይለያያል። ዕውቀቱ ግን አንድ ነው። ራውተሮች መንገድ የሚጠያየቁባቸው ኦኤስፒኤፍና ቢጂፒ ለማንም ክፍት የሆኑ ደረጃዎች ናቸው፤ የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደሉም። ኤፍአርአር ላይ የገባው ልጅ ሲስኮ ላይ የሚቀረው የአጻጻፍ ልዩነት ነው።

ስልክ ብቻ ያላችሁስ? ላቡን ስልክ ላይ ማስኬድ አልመክርም። ግን ከጓደኞቻችሁ አንዱ ላፕቶፕ ካለው፣ ጂኤንኤስ3ም ሆነ ኢቪኢ-ኤንጂ በብሮውዘር ይከፈታሉ። አንድ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ አራት ልጆች አንድ ላብ መጋራት ትችላላችሁ። ስክሪኑ ይጠባል እንጂ ይሠራል።

ለመጀመሪያ ቀን ይህን ሞክሩ። ሦስት ራውተር በሦስት ማዕዘን አገናኙና ኦኤስፒኤፍ አስጀምሩ። ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ፒንግ እየላካችሁ በመካከላቸው ያለውን ቀጥታ መስመር ዝጉት፤ ፓኬቱ በሁለተኛው ዞሮ ሲደርስ ታያላችሁ። ቀጥላችሁ ራውተሮቹን በአንድ ስዊች አገናኙና አንዱን በድንገት አጥፉት። ስዊቹ መሃል ስላለ ጎረቤቶቹ መሞቱን ወዲያው አያውቁም። በተለምዶ በየ10 ሰከንዱ «አለሁ» ይባባላሉ፤ ለ40 ሰከንድ ድምፁ ከጠፋ ብቻ ነው የሞተ ብለው መንገድ የሚቀይሩት። ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩት። ከዚያ ያንን ቁጥር ቀንሱና እንደገና አጥፉት። እውነተኛ ኔትወርክ ላይ 40 ሰከንድ ማለት የስንት ሰው ስልክ ጥሪ እንደሚቋረጥበት አስቡት፤ እዚህ ግን የፈለጋችሁትን ያህል ብታበላሹ ማንም አይቆጣችሁም።