ብርድ ያልሆነው ቁርጥማት

ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ያሏት ሴት መጀመሪያ የምትሰማው «ብርድ ነው፣ ውኃ አታብዢ» የሚል ምክር ነው። ብርድ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል፤ በሽታውን ግን አይፈጥረውም። የሁለቱም እጆች ጣቶች አብጠው፣ ጠዋት ጠዋት ግትር ማለታቸው ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየና ይህም ለሳምንታት ከቀጠለ ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላል። የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። «የሽማግሌ ነው» የሚባለውም አያስኬድም፤ በ30ዎቹ ዕድሜ ሊጀምር ይችላል፣ ሴቶች ላይም ይበዛል። በእርጅና የሚመጣው የጉልበት ሕመም ሲሠሩ ይብሳል፣ ሲያርፉ ይቀላል። ይኼኛው ከእረፍት በኋላ ይጠናል፣ ሲንቀሳቀሱ ይላላል።

«መርፌ ተወግቼ ዳንኩ» የሚለው ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ያለ ማዘዣ የሚገዛ ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን እብጠቱን ፈጥኖ ስለሚያወርድ ሰው ተአምር አየሁ ቢል አይፈረድበትም። ሐኪም ለአጭር ጊዜ ሲያዘው ይጠቅማል። በራስ ፈቃድ ለወራት ሲወሰድ ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ በድንገት ማቆሙም አደገኛ ነው። በሽታውን ለመግታት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት ነው። የሚወሰደው በሳምንት 1 ቀን ብቻ ነው (በስህተት በየቀኑ የዋጠ ሰው ሊሞት ይችላል)፤ ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል፣ ጉበትና ደምም በየጊዜው ይመረመራል። ውጤቱ እስኪታይ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ስለሚፈጅ ብዙዎች «አልሠራልኝም» ብለው ያቋርጡታል። ፅንስ ስለሚጎዳ ማርገዝ የምታስብ ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

ሪህ ደግሞ «የሀብታም በሽታ» ይባላል። ሌሊት የእግር አውራ ጣት አቃጥሎ፣ የአንሶላ ንክኪ እንኳ የማያስችል ሕመም ነው። ሥጋና ቢራ ያባብሱታል፤ ሆኖም ተከማችቶ ሕመሙን ከሚያመጣው ዩሪክ አሲድ ትልቁን ድርሻ የሚያመርተው ሰውነት ራሱ ነው፣ ክምችቱም ባብዛኛው ኩላሊት በበቂ ስለማያስወጣው የሚመጣ ነው። ስለዚህ ክትፎ መተው ብቻውን አይበቃም። ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት የዩሪክ አሲድ መጠን ጤናማ ሆኖ ሊገኝ መቻሉም ብዙዎችን ያሳስታል። ዩሪክ አሲዱን ለመቀነስ የሚታዘዘው አሎፑሪኖል የሕመም ማስታገሻ አይደለም፤ ሕመሙ በሌለበት ጊዜም ሳይቋረጥ የሚዋጥ ነው።

ያበጠና የጋለ መገጣጠሚያ ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት ሕመሙን ያባብሰዋል። በተለይ አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ትኩሳት ከታከለበት ውስጡ መግል ሊሆን ይችላል። በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ስለሚያበላሸው በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።