ሳይፈርስ እናንሳው

ፒኑይ ቢኑይ (አስለቅቆ መልሶ መገንባት) የእስራኤሏን ከተማ የቤር ሼቫን አሮጌ ሰፈሮች መልክ እየለወጠ ነው። ነዋሪው ይለቃል፣ ብሎኩ ይፈርሳል፣ በቦታው ረጅም ሕንፃ ይቆማል። ለውጡ ያስፈልጋል። አሳንሰር በሌለው ደረጃ አዛውንት ዕቃ ተሸክመው ሲወጡ ያየ ይህን አይክድም። ጁን 19 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የኢራን ሚሳይል የከተማዋን ሶሮካ ሆስፒታል ከመታ ወዲህ ደግሞ ማማድ (የተጠናከረ የመጠለያ ክፍል) በሌለው ቤት ተኝቶ ማደር ከባድ ነው። ነገር ግን ቤቱ ሲፈርስ ምስሉም አብሮ መጥፋት የለበትም።

ከተማዋ ብዙ ጊዜ ተሠርታለች። ኦቶማኖች በ1900 እ.ኤ.አ. አሮጌውን ከተማ ቀጥ ባሉ መንገዶች ቀየሱ፤ ታላቁን መስጊድ በ1906 ሠሩ። በ1948ቱ ጦርነት ዐረብ ነዋሪዎቿ ከተፈናቀሉ በኋላ ለአዲስ ገቢዎች አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት የተባሉት ሰፈሮች ተገነቡ። የመጀመሪያዎቹ ብሎኮች ተራርቀው ስለቆሙ በመካከላቸው የቀረው ፀሐይና አቧራ ነበር። ከዚያ ትምህርት ተወስዶ በሄ ሰፈር ግቢ ያላቸው ዝቅተኛ ቤቶች ተጠጋግተው፣ በጠባብና ጥላማ መተላለፊያዎች ተያይዘው ተሠሩ። አርክቴክቶቹ አቭራሃም ያስኪና አምኖን አሌክሳንድሮኒ ደግሞ 250 ሜትር የሚረዝመውን «ሩብ ኪሎ ሜትር» ብሎክ ነደፉ።

እነዚህን ግድግዳዎች በፎቶ ለማንሳት ማለዳ ይሻላል። አርማታው ሲሞላ የያዘው ጣውላ የተወው መስመር ፀሐይ ከጎን ሲመታው ይወጣል፤ ቀትር ላይ ግን ሁሉም ነጭ ይሆናል።

ታዋቂዎቹን ሕንፃዎች ባለሙያዎች አንስተዋቸዋል። የጎደለው ኑሮው ነው፦ በመስታወት ተዘግቶ ክፍል የሆነው በረንዳ፣ የመግቢያው ፖስታ ሣጥን፣ በላዩም አንዱ በሌላው ላይ የተለጠፉት የሞሮኮ፣ የሩሲያና የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ስሞች። በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰለሞን ከኢትዮጵያ ከመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በዚህ ከተማ ልጅ አሳድገዋል። ያንን ኑሮ ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም።

የአዲስ አበባ ፒያሳ አሮጌ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ሲፈርሱ ያየን ሰዎች ጊዜው ምን ያህል አጭር እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ የመልቀቂያው ወረቀት ሳይመጣ ስልካችንን እናውጣ። መግቢያውን፣ ደረጃውን፣ ወጥ ቤቱን እናንሳ፤ ጎረቤትን አስፈቅደን። በየዓመቱ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት እንድገመው። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቀኑን፣ መንገዱንና የቤት ቁጥሩን እንጻፍ፤ ይህ ካልተጻፈ የልጅ ልጆቻችን ፎቶው የት እንደተነሣ አያውቁም። በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የኔጌቭን ታሪክ የሚያከማች የቱቪያሁ ቤተ መዛግብት አለ፤ የኛም ደረጃና በረንዳ እዚያ ቦታ ይገባዋል።