ቀይ የብረት ጥሩር ብርማና ቀይ ቀለም በመቀላቀል አይገኝም

ሚኒየቸር (ትንንሽ የጨዋታ ምስሎች) መቀባት ሥራዬ ነው። ባለቀለም ጥሩር የለበሱ የዋርሃመር ጨዋታ ወታደሮችን ፎቶ በለጠፍኩ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ብርማውን ከቀይ ጋር ቀላቅዬ ሞከርኩት፤ የደበዘዘ ሮዝ ሆነብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?»

ችግሩ እጃችሁ ሳይሆን ዘዴው ነው። ብርማ ቀለም የሚያብረቀርቀው በውስጡ ባሉት ደቃቅ የብረት ቅንጣቶች ነው። ተራ ቀይ ቀለም ብርሃን ስለማያሳልፍ ይሸፍናቸዋል። ስለዚህ አትቀላቅሉ፤ ብርማው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ደርቡ። ያን ጊዜ ብርሃኑ በቀዩ አልፎ፣ ብርማው ላይ ነጥሮ፣ ቀይ ሆኖ ይመለሳል። ደረጃዎቹ እነሆ፦

1. መነሻ፦ የሚያብለጨልጭ ጥቁር። ገጹ ሻካራ ከሆነ ብርማውም ይደበዝዛል።

2. ብርማ፦ በኤርብራሽ ስስ አድርጋችሁ ንፉ። ትከሻና ጉልበት ላይ ደመቅ፣ ብብት ሥር ጠቆር ይበል።

3. ብርሃን አሳላፊ ቀለም፦ ከታሚያ ኩባንያ ቀለሞች ኤክስ-27 ለቀይ፣ ኤክስ-23 ለሰማያዊ፣ ኤክስ-25 ለአረንጓዴ። በታሚያ ማቅጠኛ ኤክስ-20ኤ አቅጥኑት። በተደረበ ቁጥር ይጠቁራል፤ የምትፈልጉት ላይ ሲደርስ አቁሙ። በብሩሽ የምትቀቡ ከሆነ በደንብ ሳይደርቅ አትደግሙት፤ የታችኛውን ልጦ ያነሳዋል።

4. ቫርኒሽ፦ ማት (የማያብለጨልጭ) ከሆነ ድምቀቱን ይገድለዋል። የሚያብለጨልጨውን ወይም ሳቲኑን (መካከለኛ አብረቅራቂውን) ተጠቀሙ።

ማሳሰቢያ፦ እነዚህ ቀለሞች ኬሚካል ማሟሟቻ አላቸው። መስኮት ክፈቱ፤ ኤርብራሽ ስትነፉ ደግሞ ትነት የሚያጣራ ማስክ አድርጉ።

የተበላሸባችሁ ካለ ፎቶውን ኮሜንት ላይ ለጥፉ፤ የቱ ደረጃ ላይ እንደሳተ አይተን እንነጋገራለን።