የዳንጅን ካርታ አነዳደፍ፤ ከጣና ዳርና ከጎንደር ግቢ የተገኘ ትምህርት

ዳንጅን ማለት በቀድሞው ትርጉሙ ከግንብ ሥር ያለ የጨለማ እስር ቤት ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ቃሉ የሚያመለክተው በጠረጴዛ ዙሪያ ለሚደረግ ጨዋታ የሚነደፈውን፥ ክፍሎች፥ መተላለፊያዎችና ደረጃዎች ያሉበትን የምድር ውስጥ ሥፍራ ነው። የጨዋታው አካሄድ እንዲህ ነው። አንዱ መሪ ይሆንና ካርታውን ከሌሎቹ ሰውሮ ይይዛል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ቦታ ይዘው «በግራው በር እንገባለን» ይላሉ፤ መሪውም በዚያ የሚያዩትን ይነግራቸዋል። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ተጥሎ ይወሰናል። ከዚህ ዐይነት ጨዋታ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው፥ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ያወጡት «ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው።

እኔም ባሕር ዳር ላይ ለጓደኞቼ የመጀመሪያውን ካርታ በግራፍ ወረቀት ስነድፍ ሥዕሉን በማሳመር ብዙ ሌሊት አጠፋሁ። ዘጠኝ ክፍሎች ነበሩት፤ ሁሉም እንደ ሲራራ ነጋዴ አህዮች በአንድ መሥመር የተሰለፉ ነበሩ። ጓደኞቼ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፥ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሄዱ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ አንዱ፥ «ለመሆኑ እኛ እዚህ የምንመርጠው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

የጥያቄውን መልስ ያገኘሁት በዘጌ ነው። የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን እንደ ብዙዎቹ የጣና አድባራት ክብ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማሕሌት፥ ቅድስት፥ በመካከልም አራት ማዕዘን የሆነው መቅደስ ይገኛል። በዙሪያው ላይ የቆመ ሰው በቀኝም ሆነ በግራ ዞሮ ወደ አንዱ ሥፍራ ሊደርስ ይችላል። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ግን እያንዳንዱ ግድግዳ «አንተ ማን ነህ?» ብሎ እንደሚጠይቀው ያህል ነው፤ ወደ መቅደስ የሚገቡት ካህናት ብቻ ናቸውና። ይህን ስል ቤተ መቅደስን የጨዋታ ሥፍራ እናድርግ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የምወስደው የአሠራሩን ሐሳብ ብቻ ነው።

ለጨዋታ የሚስማማው ከሐይቁ በስተ ሰሜን ያለው የጎንደር የፋሲል ግቢ ነው። የግቢው አጥር ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ሲሆን 12 በሮች እንዳሉት ይነገራል። ከእነዚህም ወምበር በር፥ እምቢልታ በር፥ ባልደራስ በር፥ ራስ በር፥ ተዝካሮ በርና እርግብ በር ይገኛሉ። ስሞቹን ብቻ ያነበበ ሰው ግማሹን ካርታ ነድፎአል ማለት ይቻላል። በእምቢልታ በር አዝማሪ መስሎ የሚገባ ተጫዋች በቀላሉ ያልፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ከገባ በኋላ ንፋ ሲሉት ምን ያደርጋል? በወምበር በር የሚገባው ባለጉዳይ ነኝ ካለ ክሱን ማስረዳት አለበት። በባልደራስ በር የሚመጣው ፈረስ ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ በር የሚያስከፍለው የተለየ ዋጋ አለ፤ ምርጫ የሚባለውም ይኸው ነው።

ጄኔል ጃኪስ የተባለች ንድፈኛ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው «የትሬስያ ዋሻዎች» ውስጥ ብዙ መግቢያዎችንና ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚያደርሱ ልዩ ልዩ መንገዶችን ሠርታለች። በእርስዋ ካርታ ላይ ተጫዋቾች ኋላ ሊመለሱ፥ ዞረውም ጠላትን ከጀርባው ሊደርሱበት ይችላሉ።

ይህንንም በቁጥር መመርመር ይቻላል። ክፍሎቹን በነጥብ፥ መተላለፊያዎቹን በመሥመር እናመልክት፤ ውጭውንም እንደ አንድ ነጥብ እንቁጠረው። ሁሉም የተያያዙ ከሆኑ፥ ከመሥመሮቹ ቁጥር ነጥቦቹን ቀንሰን 1 ስንጨምር የዙር መንገዶቹን ብዛት እናገኛለን። የእኔ የመጀመሪያ ካርታ 10 ነጥቦችና 9 መሥመሮች ስለ ነበሩት ውጤቱ ዜሮ ነው። በሁለተኛው ላይ ክፍል ሳልጨምር መሥመሮቹን 12 ባደርጋቸው ሦስት ዙሮች ተገኙ፤ ጓደኞቼም ገና ሳይገቡ ከአጥሩ ውጭ ብዙ ተከራከሩ።

ዙር ማብዛት ብቻውን ግን አይበቃም። ሁለት በሮች አንድ ዐይነት ከሆኑ መምረጥ ዳይስ ከመጣል አይለይም። ስለዚህ ከአንዱ በር የእምቢልታ ድምፅ ይሰማ፤ በሌላው ደጃፍ ትኩስ የፈረስ ፋንድያ ይታይ።

የጊዜም ነገር አለ። የጣና ውሃ ከክረምቱ ዝናም በኋላ ከፍ ብሎ፥ በበጋው እየቀነሰ ይሄዳል። በሦስተኛው ካርታዬ ላይ ከታችኛው ክፍል ወደ ሐይቁ የሚያወጣ ዝቅተኛ መተላለፊያ አለ፤ በግንቦት በእግር ይታለፋል፥ በመስከረም ግን ታንኳ ይፈልጋል። ጓደኞቼ እስካሁን አልደረሱበትም።